ከዱቤው ደብተር ጀርባ

አቶቴ፣ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት፣
ሁለት ሰው ከቆመ የሚሞላ ሱቅ አለኝ።
እርሳሴ በክር ታስሮ ከሚስማር ይውላል፣
ደብተሬ ዘይት ጠጥቶ እንደ ቆዳ ሆኗል፤
ከፊት ሲገልጡት የሰፈሩ ዕዳ፣
ከኋላ ሲገልጡት የያፌት አፍ ጓዳ።

ሲጀመር ለየቅል ነበሩ፣
አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ እየተጠጋጉ አደሩ፤
ዘንድሮ ክረምት መሀል ገጽ ላይ ተገናኙ፣
ስኳርና የልጅ ነገር ጎን ለጎን ተኙ፦

«ጋሽ ሀመሶ፦ ስኳር ሁለት ኪሎ፣ ሳሙና አንድ።
ያፌት፦ 'መብራት ጠፋ' ስንል፣
'ታዲያ እንፈልገው!' ብሎ አልጋ ስር ገባ።
ዘርፌ፦ ዘይት ግማሽ ሊትር፣ ለማክሰኞ።
ያፌት፦ አባ ኮዳን አይቶ፣
'ይሄ ሽማግሌ ኮቱን የማያወልቀው
ከውስጥ ሸሚዝ ስለሌለው ነው?'»

ዘርፌ ማክሰኞ አልመጣችም።
በመጣች ቀን ዘይት ጨምሮ ጠበቃት።
«ተወደደ፣ እህቴ» አልኳት።
ከጤፉ ጆንያ ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር ልጄ፦
«ማን ወደደው?»
ሳቅን። እሱ አልሳቀም።
ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«እኔስ፣ እማ፣ ተወድጃለሁ?»
ሒሳቡ ከእጄ ወደቀ፣
ለዘርፌ በድሮው ዋጋ ሸጥኩላት፣
ጥያቄዋን ግን፣ ዘይት በነካው ጣቴ፣ ያኔውኑ ጻፍኳት።

አባቱ «በስልክ ቅጂው፣ ድምፁም ይቀራል» ይላል።
ቀድቶ ነበር እሱም።
አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሊመርጥ ጎንበስ ሲል
ስልኩ ከደረት ኪሱ ውሃ ገባ፤
ይኸው ሦስት ወሩ፣
የልጄ ሳቅ ከቆሮሶው ጋር ታች ይዋኛል።
የኔ እርሳስ ቢያንስ ታስሯል።

ግን አልዋሽም፤ ሲጻፍ ይቀዘቅዛል ነገሩ።
ቃሉ አለ፣ ጣቱ የለም፣ ወደ ጣሪያ የጠቆመው፤
«ር»ን እንደ ከረሜላ በጉንጩ ማሸሹ የለም፤
«ማታ ማታ ሐይቁን ማነው የሚከድነው?» ሲል
ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ መሆኑን
የት መስመር ላይ ልጨምረው?

ባለፈው ጋሽ ሀመሶ ዕዳውን ሊዘጋ መጣ።
መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ፣ በጣቱ እየተከተለ፦
«ስኳር፣ አዎ። ሳሙና፣ አዎ። አልጋ ስር ገባ…
ይሄንንም ወስጃለሁ እንዴ?»
ነገርኩት። ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ፣
ከዚያ ሳቁ መሀል መንገድ ላይ ቆመ፣
ቤንዚን እንደጨረሰ ባጃጅ።
«ሰባት አሳደግሁ» አለኝ።
«የትምህርት ቤቱ፣ የሐኪሙ፣ ደረሰኙ ሁሉ ሣጥን ውስጥ አለ።
ያሉኝን ግን…»

ንጹሕ ገጽ ቀደድኩለት፣ እርሳሱን ከነክሩ አቀበልኩት።
ምላሱ ላይ አርሶ «ዱካለ» ብሎ ጻፈ፣ የበኩሩን ስም፤
ሁለት ነጥብ አደረገ፤
ነጥቦቹን እያየ ብዙ ቆየ።
ወረቀቱን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተና
መልሱን ሳይቀበል ሄደ።

እኔም ዕዳ አለብኝ።
ያፌት «ሐይቅ» ማለት አይሆንለትም ነበር፣ «ሐቅ» ነው የሚላት፦
«እሁድ ወደ ሐቅ እንሂድ።»
«ሐቅ ዛሬ ተቆጥታለች።»
«ሐቅ ውስጥ ጉማሬ አለ፣ እማ፣ እንዳትቀርቢ።»
ሁሉም ተጽፏል፣ ከነቀኑ።
ትናንት ከትምህርት ቤት ገብቶ፣ ቦርሳውን ጥሎ፣
«ሐይቅ ሊወስዱን ነው» አለ።
ሐይቅ። ጥርት አድርጎ፣ እንደ ማንኛውም ሰው።

ደብተሩን ገለጥኩ፣ ከኋላም፣ ከፊትም፤
በእጄ የተጻፈችው የመጨረሻ «ሐቅ» የግንቦት ናት፤
ከዚያ በኋላ ያላትን፣ እውነተኛዋን የመጨረሻ፣
ስኳር ስመዝን ይሆን፣ መልስ ስቆጥር ይሆን፣
ሰምቼ አሳለፍኳት።

ማታ እሱ ከተኛ በኋላ
አልጋው ስር ጎንበስ ብዬ አየሁ።