ፊት የገባ ፊት ይውጣ

አባቴ ሙሴ ዘለቀ፣ የምድር ባቡር ዕቃ ግምጃ ቤት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ብሎን ቆጥሮ፣ ቅባት ሰፍሮ፣ በደረሰኝ፣ በሥርዓት፣
ጡረታ ሲወጣ ሰዓት ሸለሙት፣ የመጋዘን ቁልፉን ተቀበሉት፤
መቁጠሩን ግን አልጠየቁት።
ይዞት መጣ ወደ ከዚራ፣
ከጓሯችን ዚንጎ በታች፣ ከሎሚዋ ጎን፣ ሌላ ግምጃ ቤት ሠራ።

አሥራ ሁለት ቢጫ ጄሪካን፣ እንደ ፉርጎ ተሰልፎ፣
በየሆዱ የተሞላበት ቀን በከሰል ተጽፎ፣
ከመሬት በሳንቃ ከፍ ብሎ፣ ከላምባው ጠርሙስ ርቆ
(“ውሃ ሽታ ይሰርቃል” ይል ነበር፣ “እንደ ወሬኛ፣ ከግድግዳ ተጣብቆ”)።
ከበላዩ መደርደሪያ፦ ምስር፣ ሩዝ፣ ተምር በቆርቆሮ፣
በሶ፣ ጨው፣ ክብሪት በላስቲክ ታስሮ፣
ማሽላው መሃል ደረቅ በርበሬ፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው፣
ፓስታው ደግሞ፣ የጅቡቲው፣ እናቴ እየደበቀች የምትቀንሰው፣
እሱም እያወቀ በመዝገቡ “አይጥ” ብሎ የሚያወራርደው።

ሕጉ አንድ ነው። ከግድግዳው ኖራ ላይ በምስማር ጭሮታል፦
ፊት የገባ ፊት ይውጣ። አዲስ ከኋላ ይቆማል።

ሐሙስ ማታ፣ ቧንቧው አስሎ አስሎ ውሃ ሲተፋ፣
የፊተኛውን ለልብስና ለሎሚዋ አድርጎ፣
አዲሱን ሞልቶ፣ ጽፎ፣ ሰልፉን በጉልበቱ ወደፊት ሲገፋ፣
እኛ እንስቃለን። “አባዬ፣ ባቡሩ እኮ ቆሟል፤ ምን ያደርግልሃል ፉርጎ?”
“ደቻቱን ጠይቂ” ይለኛል። “ዓመቱን አሸዋ ነው፣
ግመል ያድርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጠልዝበታል።
አንድ ሌሊት ግን ደንገጎ ላይ ይዘንባል፤
ያን ቀን ውሃ ከተማውን ሲሞላው፣ የሚጠጣ ውሃ ይጠፋል።”

በሚያዝያ፣ ሙቀቱ ዚንጎውን ሲያንጣጣ፣
ሕጉ ደረሰና፣ ፊት የገባው ፊት ወጣ።

ከአርባው በኋላ ሐሙስን እኔ ተረከብኩ።
አሥራ አንዱን አዞርኩ።
አንዱ ግን “ሚያዝያ ፬” ይላል፤ ያ የሱ ፬፣ ወደ ግራ ያዘነበለ፤
እጁ እዚያ ላይ አለ።
ሰኔ ሊያልቅ ተራው ደረሰ፤ ወደ ኋላ ገፋሁት። ገፋሁት ሐምሌም።
በመዝገቡ አላሰፈርኩትም። አይጥ እንኳ አላልኩም።

ነሐሴ ሊያልቅ፣ ደንገጎ ላይ ዘነበ።
ሌሊቱን ደቻቱ እንደ ዕቃ ባቡር አገሳ፣ ግንድ፣ ድንጋይ፣ የሰው በር እየሳበ።
ቧንቧው ሞተ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ስድስት።
ኢፍቱ ከገንደ ቆሬ መጣች፣ ጨቅላ አቅፋ፣ ቤቷን ጭቃ ውጦት፤
ልጆች መጡ በጣሳ፣ በማንቆርቆሪያ፤ ሰልፉ አሁን የሰው ሆነ፤
“ፊት የመጣ ፊት ይቅዳ” አልኩ፣ ድምፄ የማን እንደሆነ
ሳላውቀው።
አሥራ አንዱ ፉርጎ ተራ በተራ ወጣ፣
ምስሩ፣ በሶው፣ የአይጡ ፓስታ ሳይቀር ወጣ።
በዘጠነኛው ቀን ያ ብቻ ቀረ።

ክዳኑን ፈታሁ። አሸተትኩ። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል፤
አንገቱ ውስጥ አረንጓዴ ቀለበት፣ ሥሩ አተላ ይዟል።
ዘለቀ የሞላው ውሃ አልዘለቀም።
ቢኖር ኖሮ “ደረሰኙን አምጪ” ነው የሚለኝ፤ ሌላ አይልም።
ለጥም የሞላውን፣ ለናፍቆት አቁሜው አበላሸሁት።
የኢፍቱን ትልቁን ልጅ እግር ከጭቃ አጠብኩበት፣
የተረፈውን ለሎሚዋ ደፋሁት።
ከሰሉ በላቤ ለቀቀ፤
ያዘነበለው ፬ መዳፌ ላይ ወደቀ።

ማታ ቧንቧው አሳለ። ጭቃ ተፋ፣ ቆየ፣ ጠራ።
ያንኑ ጄሪካን ጠጠርና የሎሚ ልጣጭ ከትቼ፣ ክንዴ እስኪዝል አንቀጨቀጭኩት፣ ጠራ።
ሞላሁ፣ ጠብታውን ጨመርኩ፣ ጻፍኩ፦ “ጳጉሜን ፪”፣ በማያምር እጄ።
“ስንት ሞላ?” አለች እናቴ ከውስጥ።
“አንድ።”
“ቀጥዪ።”
ከሁሉ የቀደመ እሱ ነውና፣
ፊት አቆምኩት።