የኮባው ቁመት

ሦስት ሆነን ወረድን ከታክሲዬ፣ ከባሕሩ ዳር መንገድ፤
ሚዩ መሐል፣ እኔና እናቷ ግራና ቀኝ፣ እንደ አጥር ግንድ።
አንድ ጣራ ሥር ካደርን ዓመት ከመንፈቅ አልፎናል።
«ወላጅ ከልጁ ጋር፣ የኮባ ሽመና» ይላል
ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ወረቀት፣
በሁለታችን ስም ራሷ ፈርማበት።

የኡሺ ጓሮ ኮባ ነው ዙሪያው፤
ፍሬው አይበላም፣ ቃጫው ነው ሙያው።
«ሦስት ዓመት ይቆማል እስኪቆረጥ ድረስ፤
አናቱን እቀነጥባለሁ፣ ግንዱ እንዲለሰልስ»
አለችና ማጭድ ሰጠችኝ፤ ቆረጥኩ።
ውስጡ ውሃ ነው፤ እስከ ካልሲዬ ራስኩ።
እንደ ሽንኩርት ተላጠ፤ የውጪው ለምንጣፍ፣ ቀጣዩ ለመቀነት፣
ወደ ውስጥ የቀረበው ለበጋ ልብስ፣ ለክት።
«ልቡስ?» አለች ሚዩ።
«ልቡን አፈር ይብላው፤ ለታናሹ ኮባ ቀለብ ነው።»

በአመድ ውሃ ፈላ፤ ጢሱ ዓይናችንን ላጠው።
በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይዘን ስንፍቀው፣ ስንፍቀው፣
አረንጓዴው ሄዶ የቀረው ነገር
የሽማግሌ ጢም የመሰለ ክር።
የቺዙ እጅ ቶሎ ለመደ፤
የእኔ፣ መሪ ጨባጩ፣ ጎተተ፣ ቀደደ።
«ቀስ! ተሳፋሪ አይጠብቅህም» አለችኝ ኡሺ።
ቺዙ ሳቀች፤
ማን እንዳጠገቧ ያለ ትዝ ሲላት ተወች።

«ኮባ ከቁመቱ የረዘመ ክር አይሰጥም፤
ልብስ ደግሞ በኮባ ቁመት አያልቅም።
እና ምን ይደረግ?»
ማንም አልመለሰ።
ጫፍ ከጫፍ ገጠመች፤ ጥፍሯ ተመላለሰ፤
አጠበቀች፣ ትርፉን ቆረጠች፤
ዓይኔ እያየ ቋጠሮዋ ጠፋች።
«ለአንድ ልብስ ሃያ ሺህ ይሆናል፤
ቆጥሬው አይደለም፣ ጥፍሬ ያውቀዋል።»

ሚዩ አንድ ክር ከእኔ፣ አንዱን ከእናቷ ወሰደች፤
ምላሷን ነክሳ ቋጠረች።
ኡሺ በጣቷ ዳሰሰችው፦ «ይሄ አያልፍም፤
ትልቅ ነው። የመምቻው ጥርስ ይይዘዋል፤ ድሩም አይተርፍም።»
የልጄ ፊት ጠቆረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ፤
ቺዙ የሌለ ጉድፍ ከቀሚሷ ስታራግፍ ሰማሁ።
አሮጊቷ ግን አልበጠሰችውም።
በምራቋ አርሳ፣ እሾህ እንደሚነቅል ሰው ጎንበስ ብላ፣
ፈታችው፤ ብዙ ቆይታ፣ ብዙ ታግላ።
«በደረቁ አትሰሪው፤ ይሰበራል።
አርጥቢው። ከዚያ ትንሽ አድርጊው፤ ትንሹ ያልፋል።»

ከሰዓት ሽመናው ሊጀመር፣ ድሩ ተወጥሮ፣
የሰሜን ነፋስ ገባ ከተራራው ዞሮ።
ጧ! አለ አንዱ ክር። ጧ! ሌላው ተከተለ።
«በቃ፣ ለዛሬ» አለች፤ «እርጥበት ከሌለ
ድሩም ማጉም አይታዘዝ፤ እኔም አላዝዘው።
ዝናቡ ነው ሸማኔው፤ እኔ ቁጭ ብዬ የማግዘው።
ግንቦት ላይ ኑ፤ ሰማዩ ሲያለቅስ ነው ድሩ የሚስቀው።»

ስንመለስ ሚዩ ተኛች፤
ክሯን አንጓዋ ላይ ጠምጥማለች።
ቺዙን ከበሯ አደረስኩ። የታክሲውን በር ይዛ፣
«ግንቦት» አለች ብቻ፤ ሌላ ቃል ሳታበዛ።

ዝናብ ለእኛ ለሾፌሮች ገበያ ነው፤ ድሮም እወደዋለሁ።
ዘንድሮ ግን የመጀመሪያዋ ጠብታ መስታወቴን ስትነካ፣
«ሥራ ላይ አይደለም» የሚለውን መብራት አበራለሁ።