መጠኑ ያልተጻፈ ዱቤ

ጧት የጦሳ ጉም ወርዶ ቧንቧ ውሃን ሲሸፍን፣
አንዲት አምፖል ትታያለች፤ እሷን ካየን ቤት ደረስን።
ሳሙና፣ ክብሪት፣ ፓስታ፣ በሩብ የሚሸጥ ስኳር፣
ከባንኮኒው ስር ደግሞ የማይሸጥ ነገር ነበር፦
የሰፈሩ ገመና።
ማን ወሩ ሳይጋመስ እጁ ባዶ እንደሚቀር፣
ማን እንግዳ የመጣ ለት በዱቤ እንደሚከበር፣
ጦይባ ታውቃለች፤
አውቃም እንደማታውቅ ሚዛኗን ታያለች።

የተማሪ ደብተር ነበራት፣
ጥጉ የተጠቀለለ፣ ዘይት የጠጣ።
ኑርልኝ ነው ያስጣላት።
የጎረቤት ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት፣
«እትዬ ጦይባ፣ ዓይንሽ ደክሟል፣ ይሄ ይሻልሻል» አላት፤
እራሱ የሠራውን «ዱቤዬ»ን ስልኳ ላይ ጫነላት።
ስም ትጽፋለች፣ ዕቃ ትጽፋለች፣ በቃ።
ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ከስልኩ አይወጣም ምንም፤
ምሎላት ነበር። ያኔ ደግሞ ልጁ አልዋሸም።

እኔም እዚያ ውስጥ አለሁ። ይማም፣ ልብስ ሰፊው።
የሚስቴ ጡት ነጥፎ መንቶቹ ሌሊቱን ሲያለቅሱ
የዱቄት ወተት ወሰድኩ፤ «ለሰው እንዳትነግሪ» አልኳት።
«ለማን ብዬ!» አለችና በአውራ ጣቷ ጻፈች፦
ይማም፣ ወተት፣ ሦስት ጣሳ።

ኑርልኝ ተመረቀ። ሥራ የለም። ዓመት ሞላው።
አንድ ኩባንያ ደወለ፤ «ዱቤዬ»ን በጥሬ ብር ገዛው።
ልጁ የእናቱን ቤት ጣራ በቆርቆሮ አደሰ፣
እኛም መረቅነው፤ የሰፈር ልጅ ለወግ ደረሰ።

ከዚያ በስንተኛው ቀን እንጃ፣ ስልኳ «አዲስ እትም» አለ።
«የት እንዳለሽ ልወቅ?» አለ፤ «የስልክ ስሞችሽን ልይ?» አለ።
ፊደሉ ጠጠር፣ ገጹ የማያልቅ፣
ከታች አንድ ቁልፍ ብቻ፣ «እስማማለሁ»፣ ደማቅ።
ደንበኛ ቆሟል፤ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ይጠብቃል።
ነካችው። ማንስ ቢሆን ይነካል።

ሐሙስ ማታ ስልኬ ጮኸ፦
«ውድ ይማም፣ የልጆችዎ ወተት አሳስቦዎታል?
አስቸኳይ ብድር አለን፤ ዛሬውኑ ይደርስዎታል።»
ከመርፌዬ ቀና ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት።
ወተት። ወተት ይላል።

ለመምህር አረጋ «ሲጋራ ለማቆም» የሚል መጣለት፣
ካቆመ ስንት ወሩ ብሎ ለማለላት ሚስቱ ፊት።
ለዘሙ ደግሞ፣ ባሏ አረብ አገር ሄዶ ድምፁ ለጠፋባት፣
«ከውጭ ሲላክልዎ በእኛ ይቀበሉ» አላት።

«የጦይባ ምላስ ነው» አልን።
ምላስ እናውቃለን፤ ስልክ አፍ እንዳለው ማን ነገረን?
እኔ ሳሙና ለመግዛት እስከ ሸዋ በር ወረድኩ፤
«ይማም፣ ልጆቹ ደህና?» ስትል እንዳልሰማ አለፍኩ።

እሁድ ኑርልኝ መጣ። ስልኳን ከፍቶ አየ፣
አየና ባንኮኒውን ተደገፈ።
«እኔ የሸጥኩት ሥራዬን ነው፤ ሰዉን አልሸጥኩም።»
«ሰዉ ውስጡ ነበር» አለችው። አልጮኸችም።
«ላጥፋልሽ?»
«የሄደው ይመለሳል?»
ዝም አለ። ጉሙ በበሩ ይገባ ጀመር፤
ጉም እንኳ ደጃፍ ላይ ትንሽ ቆሞ ነው የሚገባ።

ከዱቄቱ ጆንያ ኋላ ያንን ደብተር አወጣች፣
አቧራውን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣
እርሳስ ቀረጸች፦
«ኑርልኝ። ምስጢር።»
መጠን የሚለው ረድፍ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።
ባዶውን ተወችው።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፣ ከመጣሁ ቆይቻለሁ።
«እኔንም ጻፊኝ» አልኳት።
«ምን ብዬ?»
«ጥርጣሬ።»
ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጉሮሮዋ አልወረደም።
«ያንተማ ወተት አለብህ፤ መጀመሪያ እሱን ክፈል።»

ከፈልኩ። በእርሳሱ ሰረዘችኝ፤
የመስመሩ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።
ስወጣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ።
አላየሁትም።
ጉሙ ውስጥ ገባሁ።