ታገሽ

እኔ የሌሊት ዘብ ነኝ፤ ከጨንቻ ደጋ የመጣሁ፣
ውሃን በእንስራ የማውቅ፣ ሐይቅ ሐዋሳ ላይ ያየሁ።
የተሰጠኝ አንድ ጀልባ፣
አሞራ ገደል መታጠፊያ፣ ሲሚንቶ ላይ ያረፈ፣
ጎኑ በሰማያዊ ቀለም፣ ቅርስነቱ የተጻፈ።
ከጽሑፉ ሥር ዓመተ ምሕረት፣ ዙሪያውን የብረት አጥር፣
አንዲት አምፖል፤ ማታ ማታ የትንኝ መንደር።

በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ አባ ኮዳዎች ዛፍ ሲይዙ፣
ሽማግሌ መጡ፣ ቀስ ብለው፣ የዘይት ባልዲ እንደያዙ።
"ማነው?" ብዬ ዱላዬን አነሳሁ።
መልስ የለም። ባልዲውን በአጥሩ ላይ አሻግረው ቸለሱት፤
እኔም አብሬ ራስሁ።

"አባቴ፣ እሱ ቅርስ ነው፤ በመመሪያው አይነካም!"
"እሱ አትበላት፤ እሷ ናት። አንዴ ከነቃ አይተካም
የጎኗ ሳንቃ።
ሰውን ነው ውሃ የሚገድለው ሲበዛ፤
ጀልባን የሚገድላት ሲጠፋ ነው።"

ስማቸው ሆጤሶ ነው። ከዚያ ማታ ወዲህ
አንድ ባልዲ፣ አንድ ወሬ።

ሰኞ፣ ሳንቃዋ ከይርጋለም በፊያት ተጭኖ ሲመጣ፣
እሳቸው ትንሽ ልጅ፣ ምስማር አቀባይ፣
ምስማሩን በጥርሳቸው ነክሰው
አናጢው ባሳቃቸው ቁጥር አንዱን ሊውጡት የደረሱ።
ማክሰኞ፣ ቆሮሶ ዐሥሩ በስሙኒ፤
አምባዛን ግን የሚቀምሰው የለም፣ የአሞራ ድርሻ ነበረ።
ረቡዕ፣ ከታቦር ተራራ ሥር ግራር ብቻ፣ መንገድ የለም፤
የመጀመሪያው አምፖል የበራ ለት
ከሸበዲኖ በእግሩ የመጣ ሰው
እፍ ብሎ ሊያጠፋው ሞክሮ ሲሳቅበት አደረ።

ሐሙስ ዝም አሉ። ባልዲው ግማሽ ነበር።

ዓርብ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ፦
"ታላቄ ነበረ፣ ሻንቆ።
መረብ ሊያነሳ ወጣ፣ ወደ ጥቁር ውሃ አፍ፣ ነፋስ ሳያማክር።
ጀልባዋ ተመለሰች። ብቻዋን።
መቅዘፊያው ሆዷ ውስጥ፣ ተጣጥፎ እንደተቀመጠ ጋቢ።
ያኔ ስሟ 'ፈጣን' ነበር።
እናቴ ስሙን በሬንጅ ደመሰሰችው፤
'ታገሽ' አስብላ አስጻፈችባት፣
'ልጄን ሳትይዢ ምን አስቸኮለሽ?' ብላ።"

አሁን እሱም በሰማያዊ ተሸፍኗል።
ከጽሑፉ ሥር ያለው ዓመተ ምሕረትም
ሆጤሶ ሳይወለዱ ነው።
የጻፈውን ልጅ ግን አልተቆጡትም፤
"እሱም አልጠየቀ፣ እኛም አልነገርነው" አሉ፣
ባልዲውን እያራገፉ።

በጥር፣ በዚያ ሣር በሚያነድድ ፀሐይ፣ ሦስት ማታ ቀሩ።
አራተኛው ሌሊት ከሆዷ "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።
ዘብ ነኝ፤ መንቃት ሥራዬ ነው።
ሁለታችንም ነቃን።

ባልዲው አጥሩ ሥር ነበር፣ አፉን ደፍቶ።
ሐይቁን ፈራሁት፤ መፍራቴን ለምን እደብቃለሁ?
መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ እስከ ባት፤
ጭቃው በጣቶቼ መሐል እየወጣ፣
ፊላው ጆሮዬ ሥር እያወራ
ቀዳሁ። ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ።
ደግሜ ወረድኩ።

በሳምንቱ ልጃቸው ብቅ አለች፣ በእጇ ፔርሙዝ፣
ከሐኪም ቤት እየተመለሰች።
"'ጠጣች ወይ?' ብለህ ጠይቅልኝ ብለዋል
...አይ፣ አንተን ጠይቂው ብለውኛል" አለች፣ ቃሉ ተምታቶባት።
"ጠጥታለች በያቸው።"

ትናንት ኃላፊው መጥቶ ስለ ቀለሙ ጮኸ።
እውነቱን ነው፣ ተልጧል።
ከተላጠው ሥር በሬንጅ የተጻፈች
አንዲት ጥቁር ፊደል ወጥታለች፦ ታ።
ገ እና ሽ ገና ናቸው።
ሥራዬ ነው፤
እጠብቃለሁ።