አንድ ያልታወቀ

ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከካርድ ክፍሉ ጓዳ፣
ሰርቨሩ ያቃስታል፣ ታሞ እንዳደረ እንግዳ።
«ቫይረስ ሳይገባ አይቀርም» ብለው ነው የጠሩኝ፤
ዐሥራ አራት ሺህ ፋይል ቁጭ አድርገው ሰጡኝ።

ስም አላምንም እኔ፤ ስም ማንም ይለብሳል፤
ቀን ቢሉ ቀኑም ባንድ ትእዛዝ ይታደሳል።
የማምነው ሃሹን ነው፦ ፋይሉን ፈጭቶ ፈጭቶ
ስድሳ አራት ምልክት የሚያስቀር አጣርቶ።
ወፍጮ ነው፤ ዱቄቱ ተመልሶ እህል አይሆንም፤
አንዲት ፍሬ ከተለወጠች፣ የትናንቱን አይመስልም።

የታወቁት ላይብረሪዎች ዝርዝር በእጄ ነው፣
እያንዳንዱ ከነአሻራው፣ ከነባለቤቱ።
ይሄ ምስል መክፈቻ፦ ታወቀ፣ እለፍ።
ይሄ ቀን መቁጠሪያ፦ ታወቀ፣ እለፍ።
መጭመቂያው፣ ማተሚያው፣
እለፍ፣ እለፍ፣
መታወቂያ እንጂ ፊት እንደማያይ
የአዘዞ ኬላ ፈታሽ።

መብራት ሄደ።
ጀነሬተሩ እስኪነሣ በጨለማ ተቀመጥን፣
እኔና የሻረግ፣ የካርዷ ሠራተኛ።
«አገኘኸው?»
«ገና ነኝ።»

መብራቱ ሲመለስ አንድ ቀረ።
ስሙ ያው፣ ቀኑ ያው፣
አሻራው ግን የማንም አይደለም።
ፊደል መደርደሪያው ላይብረሪ ነው።
ጣቴ ወደ ማጥፊያው ሄደ።

«ኧረ ተው! እሱን የነካው ባያብል ነው፣ ነፍሱን ይማረውና።
ሐመልማል የምትባል አራስ ነበረች፣ ከማራኪ የምትመጣ፤
በሃሌታው ሀ መዝግበዋት፣ በሐመሩ ሐ እየፈለጓት
‹ካርድ የለሽም› ተብላ ሁለቴ ከበር ተመለሰች።
በሦስተኛው ባያብል እዚሁ፣ አንተ ከተቀመጥክባት ወንበር አደረ።
ከዚያ ወዲያ ማሽኑም ሦስቱን ሀ እንደ ጆሯችን ሰማ።»

ከፈትሁት። የተጨመረው አራት መስመር ነው፤
ከግርጌው በአማርኛ፦ «እንዳትሰርዙት። ሰው ይጠፋብናል።»

በእኔ ወፍጮ፣ አንዲት ፍሬ ከተለወጠች፣ ሌላ ናት፤
በእሱ ግን፣ በሀም ጻፏት በሐ፣ የመጣችው ያችው ናት።

ያልታወቀ ማለት፣ ለካ፣
እኔ ያልጠየቅሁት ማለት ነው አንዳንዴ።
ፋይሉን ፈጨሁት፤ ስድሳ አራቱን ምልክት
ከዝርዝሬ መጨረሻ ጻፍሁ፣
ባለቤት በሚለው ዐምድ፦ ባያብል፣ ጎንደር።

ቫይረሱማ አልነበረም።
ያቃስት የነበረው ማራገቢያው ነው፤
የሻረግ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው።