ኖራ

ዝናብ በጣሪያዋ ሾልኮ እየወረደ
የመቅደሷ ግንብ አብጦ ቢናደ፣
ገዳሙ ጠራኝና፦ «እርጥቡን ብቻ ፋቅ፤
ደረቁን አትንካ፤ ከመንበሩ ራቅ።»

ከውጭ ላያት ሰው የባሕር ማዶ ናት፣
ክብ መስኮት በግንባሯ፣ ደወል በአናቷ ያላት።
መሰላል አቆምኩኝ። ረምዚ ይዞልኛል፤
የበድሪ በር ልጅ ነው፤ ዕቃ ያቀብለኛል።

ፋቅሁት ላይኛውን፣ የትናንቱን ቀለም፤
ከሥሩ ሰማያዊ፣ የማን ዘመን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤
ከሥሩ ነጭ ኖራ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት፤
ከሥሩ…
መዶሻዬን የሚመልስ ድምፅ ሰማሁ ከፊት።

«ኮ» አለ ግድግዳው።
ልስኑን ብሰብረው ሳንቃ፤ ሳንቃውን ባነሳው
አናቱ ቅስት የሆነ፣ በቀይ አፈር ያማረ፣
ክንድ የሚያስገባ ጎድጓዳ ነበረ።
ከጎኑም አንድ ሌላ። ከበላይም ሦስት።

ረምዚ መሰላሉን ለቀቀና ጮኸ፦
«ጣቄት! የእናቴ ቤት!»
ልወድቅ ነበር።

ከዚያ በዓይኔ መጣ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣
ገመድ የታጠቀ፣ ጢሙ የረዘመ፣ በላብ የተጠመቀ
አባ ኦኔዚም፣ ወረቀት ዘርግቶ እየተጨነቀ፤
ከፊቱ አው ዙበይር፣ ግንበኛ፣ ሐረሪ፣
በክንዱ እንጂ በወረቀት የማይለካ ሠሪ።

«ምን ይሁን ይኼ ግንብ?»
«የእንግዳ መቀበያ። ጌታ የሚያርፍበት»
አለው መነኩሴው፣ በሰባራ ኦሮምኛ።
አው ዙበይር ሰማ፤ እንደ ሰማው ሠራ፤
እንግዳ እንዲከብር፣ ባለቤት እንዲኮራ
የሚያውቀው አንድ ግንብ ነው፤ ያንኑ ደገመ፤
ቀይ አፈሩን ቀብቶ፣ እጁን ታጥቦ ቆመ።

መነኩሴው ምን አለ? እኔ አልነበርኩም።
ብቻ ልስኑ ያወራል፦ የባለሙያ እጅ አይደለም፤
ጣት የዳሰሰው ነው፤ የሻማ ጠብታ አለበት፤
በሌሊት ነው፣ ብቻውን ነው።
ድንጋይ መሙላት ሲችል፣ ጭቃ መምረግ ሲችል፣
አምስት ሳንቃ ለክቶ፣ በልክ በልኩ ቆርጦ፣
ሸፈነው እንጂ አልደፈነውም።

ድንጋይዋ ሥጋዋ፣ ልብሷም ነጭ ኖራ፤
ምስጢሯን ጠብቃ ስንት ዘመን ኖራ!

አባ ፍሥሐ ጽዮን መጡ። ቀና ብለው አዩ።
መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ወልውለው ደግመው አዩ።
«ምን ይቀመጥበት ነበር?» አሉት ልጁን።
«ከላይ ቁርዓን። ከታች ሳህን» አለ ረምዚ፣ አፍሮ።
ዝም።
ኋላ ደግሞ፣ ለራሳቸው፣ «ሳህን» አሉ።

ዝጋውም አላሉኝ፤ ተወውም አላሉ።
የለወስኩት ኖራ ባልዲው ውስጥ ደረቀ።
ከማን ደሞዝ እንደሚቆረጥ
እንጃ።