ፊቱ በረዶ፣ ጀርባው ፍም

ከኢቫሎ ወጥቼ ወደ ሰሜን ስነዳ፣
ከኋላዬ ሦስት ጆንያ፣ ደብዳቤና የሰው ዕዳ፣
ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ዕለቷ ግን አብቅታለች፣
በታኅሣሥ እዚህ አገር ፀሐይ ፈቃድ ወጥታለች።

አዲስ ነው መኪናዬ፤ ዓይኖቹ ኤልኢዲ መብራት፣
የጥድ ቅርፊት የሚቆጥሩ ከሩቅ፣ በጨለማ ውፍረት።
ነጭ ነው ብርሃናቸው፣ እንደ ሆስፒታል ግድግዳ፣
እንቅልፍ ነክቶት የማያውቅ፣ የሁልጊዜ እንግዳ።

አለቃዬ ሲያስረክበኝ ቁልፉን ከነኩራቱ፣
«ራይሊ» አለ «ይኸ መብራት ካንቺም ይረዝማል ሕይወቱ፣
ከጡረታሽ በኋላም ያበራል እንደ ጥንቱ።»
አመሰገንሁት። ምን ልበል?
መርዶ በስጦታ ወረቀት ሲጠቀለል።

ታዲያ ከካማነን ወዲያ፣ በረዶው ሲበረታ፣
መንገዱ ጠበበብኝ፤ ነጩ ደከመ በዝግታ።
መጀመሪያ ዓይኔ መሰለኝ፤ መነጽሬን ወለወልሁ።
ቀጥሎ መስታወቱን። ቀጥሎ እርጅናዬን ወቀስሁ።
ቆሜ፣ ወርጄ ሳየው፣
እንደ ስሚንቶ ተለጥፎ በረዶው ፊቱ ላይ ደድሯል፣
መብራቱ ከውስጥ አለ፤ ለራሱ ብቻ በርቷል።

በጓንቴ ጠረግሁት። አሥር ኪሎ ሜትር ነዳሁ።
ደግሞ ቆምሁ። ጠረግሁ። ተሳደብሁ። ነዳሁ።
ስድባችን ረጅም ነው፤ ለብርዱ ስል አሳጠርሁ።

የአሮጌው መኪናዬ አምፖል ይግል ነበር፤ በረዶ
መስታወቱን ሲነካው ይወርዳል፣ እንባ ሆኖ፣ ተዋርዶ።
ዕድሜው ግን አጭር ነበር፤ በየክረምቱ ሁለት ጊዜ
ይሞትብኛል፤ እቀይራለሁ፣ በደነዘዘ ጣት፣ በትካዜ።

ነዳጅ ልቀዳ ስቆም ኡርሆን ጠየቅሁት፣ መካኒኩን፣
«ምን ሰጣችሁኝ? አይሞቅም! ንገረኝ እስቲ እውነቱን።»
ዘይት የጠገበ ጣቱን በሱሪው እየጠረገ፣
መልስ ሳይሰጠኝ ኮፈኑን ከፍ አደረገ።
«የድሮው» አለኝ «አባካኝ ነው፤ ከጎረሰው ጉልበት
ሲሶውን እንኳ አያበራም፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት።
ይሄኛው ቆጣቢ ነው። ይሞቃል እሱም፣ ሳይበዛ፣
ግለቱን ግን በጀርባ ያስወጣል፤ ፊቱ ነው ቀዝቃዛ።
ንኪው እዚህ ጋ፣ ከኋላ፣ የአሉሚኒየሙን ክንፍ።»
ነካሁት። ለብ ይላል፣ እንደ ድመት ጀርባ፣ ስትነቃ ከእንቅልፍ።

አባቴን አስታወስሁ።
በሕይወቱ አንድ ቀን «ልጄ» ብሎ አልጠራኝም፣
ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሞቆኝም አያውቅም።
ግን ማለዳ ተነሥቼ ወደ ትምህርት ቤት ስሮጥ፣
በሌሊት ሰም የጠጣ መንሸራተቻዬ
ከደጅ ቆሞ አገኘዋለሁ፣ ሲያብለጨልጭ እንደ ጌጥ።
ማን ሠራው ብዬ አልጠየቅሁም። እሱም አልነገረኝም።
ጀርባውን መንካት ነበረብኝ። ማንም ግን አላስተማረኝም።

የመጨረሻው ቤት የኒላ ነው፤ ሳሚ፣ አጋዘን አርቢ።
ጥቅሉ ላይ «ተሰባሪ» ይላል። ፈረመና «ግቢ»
ብሎ በቢላዋ ከፈተው፦ አራት አምፖል፣ የድሮ ዓይነት፣
«ሱቁ ሊያቆም ነው» ብሎ ያዘዘው፣ ለቀሪ ዕድሜው ክረምት።
«የኔ መብራት ሩቅ አያይም፤ በረዶ ግን ይበላል።
ያንቺው ተራራውን ያያል፤ አፍንጫው ሥር ይታወራል።»

ሳቅን። ሊሸኘኝ ወጥቶ በእጅጌው መብራቴን ሲጠርግ፣
ብርሃኑ ድንገት ተፈታ፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጥድ ጥግ፣
አሥራ አንድ አጋዘን ቆመዋል፣ ዓይናቸው አረንጓዴ።
ቆጠራቸው። ደግሞ ቆጠረ። «አንዷ የታለች፣ እንዴ?»

በቢጫው እሱ ከፊት፣ በነጩ እኔ ከኋላ፣
ቀስ ብለን ወጣን ፍለጋ፤ ወደ ቤት መመለስ ለሌላ።
በየአሥር ደቂቃው እቆማለሁ፤ ጓንቴ ረጥቧል፤
እሱ ይጠብቀኛል። ከቢጫው ፊት በረዶው ይዘንባል፣
ሳያርፍ ይሟሟል።